በግቢ ንጣፍ መሃል ምን ይሞላ? ለጎንደር ነዋሪ ጥቆማ

ጥምቀት ሳይደርስ፣ እንግዳ ሳይመጣ ግቢውን የሚያስነጥፍ ሰው ጎንደር ላይ ብዙ ነው። ድንጋዩን ሁሉም ተጨንቆ ይመርጣል። በድንጋዮቹ መሃል የሚገባውን ግን ሠራተኛው እንዳመቸው ይሞላዋል። ንጣፍ መበላሸት የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው አሸዋውን አጥቦ ይወስደዋል፣ ሰርዶ ይበቅላል፣ ጉንዳን ይቆፍራል። ከዚያ ድንጋዩ መነቃነቅ ይጀምራል።

የወንዝ አሸዋ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ቅንጣቱ ግን በውሃ የተሞለሞለ ስለሆነ እርስ በርሱ አይያያዝም። ለጥ ያለ ግቢ ላይ ይሁን፤ ተዳፋት ላይ አልመክርም።

ሰፋ ላለ ግቢ፣ በተለይ መኪና ለሚገባበት፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዜሮ ዜሮ የሚባለው ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከድንጋይ መፍጫ (ክሬሸር) ስለሚወጣ ቅንጣቱ ማዕዘን አለው፣ ሲጠቀጠቅ ይናከሳል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ በወንፊት ይነፋ። ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥቡ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከሥር ባዶ ነው። ከክረምት በኋላ ትንሽ መጨመር እንደሚፈልግ አስቡበት።

ሲሚንቶ በጥብጠው እንዲያፈሱበት አትፍቀዱ። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ከሥር የውሃ ቧንቧ ቢፈነዳም ድንጋዩን ሳይሰብሩ ማንሳት ያስቸግራል። የፋሲል ግቢን ያየ ሰው ይህ ነገር አይጠፋውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ እየተነሣ ወደ ጥንቱ የኖራ ጭቃ ተመልሷል። በእርግጥ ድንጋዩ ከመጀመሪያው በኮንክሪት ላይ በሲሚንቶ ከተለጠፈ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ፖሊመሪክ ሳንድ የሚባለው ደቃቅ አሸዋ ከማጣበቂያ ጋር የተደባለቀ ነው። ውሃ ሲነካው ይያያዝና ይጠነክራል። ሰርዶንም ጉንዳንንም ከሌሎቹ በተሻለ ይከላከላል። ዋጋው ግን ከተራ አሸዋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ለበረንዳ ፊት፣ ቡና ለሚፈላበት ትንሽ ቦታ፣ ለመግቢያ መንገድ ብታደርጉት ይሻላል። ከማዘዛችሁ በፊት ከረጢቱ ላይ ምን ያህል ስፋት ላለው ክፍተት እንደሆነ አንብቡ። ከ3 ሚሊ ሜትር ለጠበበ ክፍተት አብዛኛው አይሆንም።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋዩ ፍጹም ደረቅ ይሁን። አሸዋው ተጠርጎ ይግባ፣ በመጠቅጠቂያ ማሽን (ኮምፓክተር) ይጠቅጠቅ፣ እንደገና ይሞላ። ከድንጋዩ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ከላይ የቀረው ብናኝ አንድም ሳይቀር ይጠረግ፤ ውሃ ከነካው ድንጋዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ማስለቀቁም ፈተና ነው። ውሃው እንደ ካፊያ ይረጭ። በጎማ ቀጥታ ከለቀቃችሁበት ማጣበቂያው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ዝናብ እንዳይነካው። ለዚህ ነው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ የምመርጠው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ባትነኩት ይሻላል። ከሥሩ ውሃ የሚቋጥር ግቢ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ መፍሰሻውን አስተካክሉ፤ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ፖሊመሪክ ሳንድ በወጉ አይጠነክርም።

ስለ ሠራተኛ፦ ለዜሮ ዜሮ በኮብልስቶን ሥራ ያለፉ ልጆችን ፈልጉ። ተዳፋት ማውጣትና መጠቅጠቅ ያውቁበታል። ለፖሊመሪክ ሳንድ ግን በሴራሚክ ሥራ እጁ የጠራ ሰው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ዋናው ሥራ ጽዳቱ ነው። ኮምፓክተሩ የማን እንደሆነ፣ ኪራዩንም ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በካሬ ስትዋዋሉ ሁለተኛው ሙሌት ዋጋው ውስጥ መግባቱን ጠይቁ። ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ግን ግቢው ላይ ውሃ ፈሶ፣ አሸዋው ቦታው ላይ መቆየቱን አይታችሁ ክፈሉ።