«ዓለማዊ መንግሥት» ማለት ሃይማኖት የለሽ ማለት ነው?

ጠያቂ (ቀሃ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር «ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ» የሚለው ነገር በተነሳ ቁጥር አንዱ «ክርስትናን ሊያጠፋ የመጣ ነው» ይላል፤ ሌላው «ራሱ ክርስትና የወለደው ነው» ይላል። የምታውቁ አስረዱኝ።

ፒያሳ፦ ጠያቂያችን፣ ከቃሉ ይጀምሩ። «ዓለማዊ» የምንለው የአውሮፓውያኑ «ሴኩላር» ትርጉም ነው፤ እሱም ከላቲኑ «ሴኩሉም» የመጣ ነው። በቅዳሴ «ለዓለመ ዓለም» የምንለውን ላቲኑ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» ይለዋል። «ሴኩሉም» እንደ ግእዙ «ዓለም» ዘመንም ነው፣ ይህ የምንኖርበት ዓለምም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «ሴኩላር» ይባል የነበረው ቄስ ነው! ገዳም ያልገባ፣ በአጥቢያ ሕዝቡን የሚያገለግል ቄስ። «ሬሊጂየስ» ደግሞ ስእለት ገብቶ በገዳም ሥርዓት የሚኖረው ነው። ስለዚህ የ12ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ ላይ «ሬሊጂየስ»ን «ሃይማኖተኛ» ብለው ከተረጎሙት ምሥጢሩ ይጠፋል፤ «መነኩሴ» ይበሉት፣ ይቃናል። እኛ ዘንድ «ዓለም» ሲባል ድሎትና ፈንጠዝያ ትዝ ስለሚለን («ዓለሟን አየች» እንላለን) «ዓለማዊ» የሚለው ቃል ገና ሲጠራ ኃጢአት ኃጢአት ይሸታል።

አዘዞ፦ ትክክል። ሃይማኖትንና መንግሥትን መለየትም የተጀመረው ከክርስትናው ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 7ኛና የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የተጣሉት ጳጳስ ማን ይሹም በሚል ነበር። ተተኪዎቻቸው በ1122 በጀርመኗ ከተማ ዎርምስ ሲታረቁ ለጳጳሱ የሚሰጡትን የሹመት ምልክቶች ተካፈሉ፦ ቀለበቱና የጳጳሱ በትር ከቤተ ክርስቲያን፣ የምድራዊ ሥልጣኑ በትረ መንግሥት ከንጉሡ። ሁለቱን ሥልጣን መለየት በእጅ የሚያዝ ነገር ሆነ ማለት ነው። በ1555 ደግሞ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ በተደረገው ስምምነት የገዢው ሃይማኖት የግዛቱ ይሁን ተባለ፤ ምርጫው ግን ካቶሊክ ወይም ሉተራዊ (የሉተር ተከታይ ፕሮቴስታንት) ብቻ ስለነበር ሌሎቹ ፕሮቴስታንቶች፣ የካልቪን ተከታዮች፣ እስከ 1648 ውጭ ቀሩ። ከላይ የሚታወጅ እምነት ምን እንደሚያስከትል እኛም አይተናል፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን ተቀብለው ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን መልሰው ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቁ።

አራዳ፦ «ክርስትና ወለደው» ብሎ ማቆም ግን ያሳስታል፤ ልጆቹ አይመሳሰሉም። ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትን ከመንግሥት በለየው ሕግ የቀሳውስቱን ደመወዝ አቋረጠች፤ በምሥራቅ ጠረፏ ያለው አልዛስ ግን ያኔ በጀርመን እጅ ስለነበር ዛሬም መንግሥት ይከፍላል። በእንግሊዝ ንጉሡ አሁንም የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ነው። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል፤ ጣልቃ አለመግባቱንም በሁለቱም ወገን ላይ ነው የጣለው። አንቀጽ 27ን አብረው ያንብቡት፤ ማምለክም ማስተማርም የተጠበቀ ነው።