ክርክር፦ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ ሦስቱም ዓላማ በየቀኑ ይጻፍ?

አስተባባሪ፦ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ እውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት ሦስቱም ካልተሞሉ ዕቅዱ አይፈረምም። ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የኬሚስትሪ መምህር፦ በጭራሽ። አመለካከት በሚለው ቦታ ምን እንደምንጽፍ እንተዋወቃለን። «የትምህርቱን ጥቅም ያደንቃሉ።» ትናንትም እሱ፣ ነገም እሱ። ማድነቃቸውን ማን አየ? የትምህርት ዓላማዎችን በዘርፍ የከፋፈሉት አሜሪካዊው ምሁር ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት የእውቀቱን ክፍል ብቻ ነው። የአመለካከቱ በ1964 ተከተለ። የእጅ ክህሎቱን ደግሞ በኋላ ሌሎች ሰዎች ናቸው የዘረዘሩት።

ሱፐርቫይዘር፦ መምህር፣ ዝርዝሩ ለየብቻ ወጣ ማለት ልጁ ተከፋፍሎ ይማራል ማለት አይደለም። እኛ ካልጠየቅን ክህሎቱም አመለካከቱም ይረሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደሆነ ምርጫ ነው። ቡሬት፣ ማለትም ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥበውን የላብራቶሪ ቱቦ፣ መያዝ የሚችለውንና የማይችለውን አይለይም።

ወላጅ፦ ይቅርታ፣ እኔ መምህር አይደለሁም። ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እውቀቱ ሳይያዝ ስለ አመለካከት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

የባዮሎጂ መምህርት፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ልጆቹ እውቀቱን ያልያዙት አንድም ስላልነኩት ነው። ማይክሮስኮፕ በሥዕል ብቻ አይቶ ስለ ሕዋስ የሚሸመድድ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ይጠፋዋል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ልክ ነሽ፣ እኔም ሦስቱ አያስፈልጉም አላልኩም። ቲትሬሽንን ውሰዱ፤ ቤዝ እየጨመሩ የአሲዱን መጠን ማወቂያ ሙከራ ነው። ልጁ አሲዱ ላይ ቤዙን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ቀለም እየለወጠ የሚጠቁመው ፊኖልፍታሊን ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን ወዲያው መዝጋት አለበት። አንድ ጠብታ ካለፈ ድምቅ ይላል፣ ሥራው ተበላሸ። ይሄ ክህሎት ነው። ከዚያ መጠኑን ያሰላል፤ እውቀት ነው። አሁን ዋናው መጣ፦ ያነበበውን ቁጥር ይጽፋል ወይስ የጎረቤቱን ይገለብጣል? አመለካከቱ እዚህ ላይ ነው በዓይን የሚታየው። ግን 60 ልጅ በሁለት ቡሬት በ40 ደቂቃ አይሠራም። አንድ ቀን ስሌቱን፣ በሌላው ቀን በቡድን ሙከራውን፣ ከዚያ የመዘገቡትን ማየት። ሦስቱም ይሟላሉ፣ በምዕራፉ ውስጥ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም።

ሱፐርቫይዘር፦ የገለበጠውን እንዴት ትይዛለህ?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ለየቡድኑ መጠኑ የተለያየ አሲድ እሰጣለሁ። የጎረቤቱ ቁጥር አይሠራለትም። ያበላሸም ቢሆን ያየውን በሐቅ ከጻፈ ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ ያገኛል።

ሱፐርቫይዘር፦ ይህን የምዕራፍ ዕቅድህ ላይ ካሳየኸኝ እፈርማለሁ። የዕለቱ ላይ ባዶ ቦታ ግን አልቀበልም፣ ለሰነፉም በር ይከፍታል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ባዶ ለምን ይሆናል? የዕለቱን አንድ ዓላማ በደንብ እንጻፍ። እርስዎም ሲመጡ ወረቀቱን ትተው ልጆቹ ሲሠሩ ይዩልን።