ደሴ ላይ የፍሳሽ ምርመራ ይሠራል እንዴ? ማስተላለፊያ ትቦ እኮ የለንም

የሰኞ ገበያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ውጭ አገር የሽንት ቤት ፍሳሽ እየመረመሩ ኮሮናም ይሁን ፖሊዮ ከተማ መግባቱን ሰው ሳይታመም ያውቃሉ አሉ። የነሱ ፍሳሽ በትልቅ ትቦ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ እኛ ግን በየግቢው ጉድጓድ ነው ያለን፣ ሲሞላ መጣጭ መኪና እንጠራለን፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡን ጠብቆ ቦይ ላይ የሚለቅ አለ፣ ቤታችን ቦዩ ዳር ስለሆነ ሌሊት ሲለቁት በመጥፎ ጠረኑ እንነቃለን። ታዲያ ናሙናው ከየት ይወሰዳል? ልጄ ገና 5 ወሩ ነው፣ ለሱ ነው የምፈራው።

የላብ ሰው፦
አብሽሪ እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፖሊዮ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ቢሆን ነው፣ አብዛኛው ምንም ሳይሰማው ለሳምንታት ቫይረሱን በሰገራ ያስወጣል፣ ስለዚህ አንድ ልጅ እግሩ ዛለ ሲባል በሽታው ስንቱ ቤት ገብቷል። ጋዛ ላይ በፈረንጆቹ 2024 አጋማሽ የተገኘው ፍሳሽ ውስጥ ነው፣ ሽባ የሆነው ሕፃን የተረጋገጠው ከወር በኋላ ነው። ለንደን በ2022 አንድም ታማሚ ሳይገኝ በፍሳሹ ውጤት ብቻ ልጆቹን በድጋሚ ከተቡ።

ትቦ ከሌለ የብዙ ሰፈር ቦይ የሚገናኝበት ቦታ ተመርጦ በማለዳ፣ ሰው ሽንት ቤት በሚበዛበት ሰዓት ይቀዳል፣ ከዛ በበረዶ ሳጥን ወደ ላብራቶሪ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፣ ፋሻ ጠቅልለሽ በሲባጎ ውሃው ውስጥ ታንጠለጥያለሽ፣ ከቀናት በኋላ አውጥተሽ ትጨምቂዋለሽ፣ እንግሊዝ አገር በ1948 ፓራታይፎይድ (ታይፎይድ መሰል በሽታ) ከየት ቤት እንደሚመጣ የፈለጉት በዚሁ ነው።

ቦርከና ማዶ፦
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የደሴ ፍሳሽ በቦርከና ወንዝ ወደኛ ስለሚወርድ እዚህ ቢገኝ የማን ነው ሊባል ነው? ደግሞ የፋብሪካው ቀለምና ኬሚካል አለ።

የላብ ሰው፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ኬሚካል ፒሲአሩን (ቫይረሱን የሚፈልገውን የላብራቶሪ ምርመራ) ያበላሻል፣ ቫይረስ እያለ የለም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከፋብሪካዎቹ በላይ መቅዳት ነው፣ የሁለቱን ከተማ ለመለየትም ደሴ መውጫው ላይ አንድ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና የሚገባው ቦይ ላይ ሌላ። በከባድ ዝናብ ግን ስለሚቀጥን የዛን ቀን ውጤት አላምነውም። በኔ እምነት የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ሰፕቲክ ታንክ ይቅደም፣ እዛ የሚኖረው ሰው ብዛቱ ይታወቃል።

የሰኞ ገበያዋ፦
አላህ ይስጥልኝ። መጣጭ መኪናው የብዙ ግቢ ይዞ የለ፣ ከሱስ አይቀዳም?

የላብ ሰው፦
ይቀዳል፣ ግን ጉድጓድ ውስጥ ወራት የከረመ ዝቃጭ ስለሆነ ያለፈውን እንጂ የዚህን ሳምንት አይነግርሽም። ልጅሽ የ14 ሳምንቱን የፖሊዮ ጠብታና መርፌ ወስዷል?

የሰኞ ገበያዋ፦
ትኩሳት ይዞት ስለነበር ቀርቶበታል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ፣ የጎረቤቴንም ልጅ ጭምር።