የአምባሰል መግቢያ በሙዝስኮር፦ ምት የሌለውን ክፍል እንዴት ልጻፈው?

ባለ ማሲንቆ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ሙዝስኮር 4 (የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ በአምባሰል ቅኝት አንድ ዘፈን እየጻፍኩ ነው። የማሲንቆው መግቢያና ድምፃዊው የሚያንጎራጉርበት ክፍል ምት የለውም፤ ከበሮው ሲገባ 6/8 ይሆናል። መግቢያውን በ4/4 ስጽፈው የባር (የምት ክፍል) መስመሩ ሐረጉን መሐል ላይ ይቆርጠዋል፣ ተጫዋቾቹም መቁጠር ይጀምራሉ። አንድ ረጅም ባር ሳደርገው ደግሞ ኖታው አንድ መስመር ላይ ተጨፍልቆ ግጥሙ ይደራረባል። ምን ይሻላል?

የጣፎው
ሙዝስኮር ወደ ቀጣዩ መስመር የሚወርደው ባር ሲያልቅ ብቻ ነው፤ የተጨፈለቀብህም ለዚህ ነው። ባሩን አታጥፋው፤ ድምፃዊው በሚተነፍስበት ቦታ ቆርጠህ መስመሩን ደብቀው።

ቅደም ተከተሉን ግን ያዝ። 6/8ቱን ከሁሉ በፊት ቦታው ላይ አስቀምጥ። ታይም ሲግኔቸር (እንደ 6/8 ያለውን የምት ምልክት) ዘግይተህ ስታስገባ ከእሱ ወዲያ ያለውን እስከሚቀጥለው ታይም ሲግኔቸር ድረስ እንደ አዲስ ይከፋፍለዋል፤ ከዘፈኑ መሐል ሌላ ነጻ ክፍል ካለህ ድካምህ ሁሉ ይፈርሳል። ከዚያ መግቢያው ላይ ባዶ ባር ቀኝ ክሊክ አድርግ፣ ሜዠር ፕሮፐርቲስ ግባ፣ አክቿል (የባሩ ትክክለኛ ርዝመት) በሚለው 24/4 ጻፍ። ኖሚናል የሚለውን (የሚጻፈውን ምት) አትንካ። ቢተርፍ ግድ የለም፦ ኖታው ሲያልቅ የተረፉትን እረፍቶች መርጠህ ኮንትሮልና ዴሊት አንድ ላይ ስትጫን ባሩ ራሱ ያጥራል። ዴሊት ብቻውን እረፍቱን እዚያው ይተወዋል።

አሁን ከእያንዳንዱ ትንፋሽ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ኖታ እየመረጥክ ቱልስ፣ ሜዠርስ፣ ስፕሊት በል። ትሪፕሌት (በ2 ኖታ ቦታ የሚገቡ 3 ኖታዎች) መሐል ላይ ግን አይቆርጥልህም። የባር መስመሮቹንና 4/4ቱን መርጠህ የቪ (V) ቁልፍን ተጫን፤ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆነው ይቀራሉ እንጂ አይታተሙም። ከመጀመሪያው ቁራጭ በቀር ሌሎቹን ከባር ቆጠራ አስወጣቸው፣ ምርጫው እዚያው ሜዠር ፕሮፐርቲስ ውስጥ አለ። አለዚያ ልምምድ ላይ "ከባር 9 እንነሳ" ስትል ማንም አያገኘውም።

መብራቱ እንደኛ ሰፈር ከሆነ አውቶ ሴቩንም ወደ 2 ደቂቃ አውርደው።

ኖታ ገልባጭ
አንድ ነገር ልጨምር፤ የተደበቀ ባርም ባር ነው። ከዶ የሚነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ፍላቱን በእጅ የምታስገባ ከሆነ ከእያንዳንዱ ድብቅ መስመር በኋላ ምልክቱ እንደገና ብቅ ይላል፤ መስመሩን የማያየው አንባቢ "በፊት ፍላት አልነበረም እንዴ?" ብሎ ይደናገራል። ባለ 4 ፍላቱን ኪይ ሲግኔቸር (በየመስመሩ መጀመሪያ የሚቀመጠውን የፍላት ምልክት) አድርግበትና ተገላገል። ሲና ሚ ፍላት አብረው ይመጣሉ፣ ግን ቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ አይጎዱህም።

ሜዠር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስቴምለስ የሚል አለ፣ የኖታውን ዘንግ ያጠፋል። ለዜማ ጥናት ያምራል፤ ለተጫዋች ግን አልመክርም፣ ሁሉንም እኩል እየጎተተ ይጫወተዋል። አጫጭሩን በስምንተኛ፣ የሚያርፍበትን በግማሽ ኖታ ጻፍና ከላይ "በነጻ" በል። ስምንተኛዎቹን የሚያያይዘው ሰረዝ አሁንም 4/4ን ተከትሎ ስለሚቧድን ከቢም ፓሌቱ በሐረጉ አስተካክለው።

ግጥሙን ፊደል በፊደል አትበታትነው፦ "እንደምን" እን፣ ደ፣ ምን ተብሎ 3 ኖታ ላይ ይቀመጣል እንጂ 5 ላይ አይደለም። ፎንቱን በስታይል ውስጥ ለሊሪክስ ኦድም ለኢቨንም (ለጎዶሎውም ለሙሉውም የግጥም መስመር) ኒያላ አድርግ። ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፉን ብቻ ስጥ፣ ፎንቱ አብሮት ይሄዳል።

ባለ ማሲንቆ
ተባረኩ፣ መስመሩ ተስተካከለ። 6/8ቱ ግን የመግቢያው የመጨረሻ መስመር ጫፍ ላይም እየታየ ነው። ደግሞስ ክራሩ ከስር በምት እየመታ ድምፃዊው ብቻ ነጻ ቢሆን?

የጣፎው
6/8ቱን ምረጥና ፕሮፐርቲስ ላይ ከርቲሲ (ቀድሞ የሚያስታውቀው ምልክት) የሚለውን አንሳ።

የክራሩ ይከብዳል፤ የሁሉም መሣሪያ ባር ርዝመት አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ እዚያ ላይ ባሩን አትቁረጥ። ክራሩን በትክክለኛው 6/8 ጻፈው፣ ድምፃዊውን ከላዩ በግምት አስቀምጥና "ክራሩን ሳይከተል" ብለህ ጻፍበት። ድምፁን በትሪፕሌትና በኩዊንትፕሌት (በ4 ቦታ 5 ኖታ) ልክ ልታስገባው ብትሞክር የሚያነብልህ አታገኝም።