የሩዝ ገለባ ጭስ እናቴን እያፈናት ስለሆነ ምክር እሻለሁ

የምኖረው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ በምትገኘው ወረታ ሲሆን፣ የአስም ሕመም ያለባቸው እናቴ አብረውኝ ይኖራሉ። ክረምቱን በደኅና ያሳልፉና ሩዙ ታጭዶ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ሌሊቱን እያሳሉ ተቀምጠው ያነጋሉ። ከቤታችን ጀርባ ያለው መፈልፈያ የገለባውን ክምር አመሻሽ ላይ ይለኩሰዋል፤ ክምሩም ነበልባል ሳያወጣ ለቀናት ይጨሳል። በበጋ ሌሊት መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከሞቀው በታች ይተኛል፤ ጭሱም ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ጠዋት ሜዳው ላይ እንደ ጉም ተነጥፎ ይታያል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጥንበት ልማድ የአንድ ቀን ጭስ ነው፤ ይህ ግን ወራት ይዘልቃል።

መስኮቱን በእርጥብ ነጠላ ብሸፍነውም ነጠላው ጠዋት ጠቁሮ አገኘዋለሁ፤ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን፣ ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነውን ብናኝ ግን ጨርቅ አይዘውም። አንዲትን ክፍል በአነስተኛ ወጪ ከጭስ የጠበቀ፣ ወይም ገለባው ከመቃጠል ይልቅ ለማገዶ ተጠፍጥፎ እንዲሸጥ የመፈልፈያ ባለቤትን ያግባባ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው በዝርዝር ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው። ባለቤቱ የእናቴ የክርስትና ልጅ ስለሆነ በክስ ልጀምር አልፈልግም።