ሚስቲክ በኮሚኩና በፊልሙ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የኤክስ-ሜን ፊልሞችን ጨርሼ ወደ ኮሚኩ ልገባ ነው። በፊልሙ ሚስቲክ (መልኳን እንደፈለገች የምትቀያይረው ገጸ ባሕርይ) ከኤክስ-ሜን መሥራች ከቻርልስ ኤግዜቪየር ጋር እንደ እህቱ ሆና ነው ያደገችው። ኮሚኩም ላይ እንደዚያ ነው?

መልስ 1፦ አይደለም፣ እሱ የ2011ዱ ፊልም ፈጠራ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በሚስ ማርቬል ኮሚክ ስትወጣ ጀምሮ በራሷ የቆመች ናት። ከአንካኒ ኤክስ-ሜን ኮሚክ ቁጥር 141 እና 142 ጀምር። ሴናተር ኬሊን ለመግደል የሚነሳውን ቡድን የምትመራው እሷ ናት፤ የኤክስ-ሜን ዋና ባላንጣ ማግኔቶ በቡድኑ ውስጥ የለም። ይህንኑ ታሪክ በወሰደው የ2014ቱ ፊልም ዒላማዋ ሳይንቲስቱ ቦሊቫር ትራስክ ሆኗል፣ ግድያውን ለማስቆም ከወደፊቱ ዘመን ወደ ኋላ የሚላከውም በኮሚኩ በነበረችው ኪቲ ፕራይድ ፋንታ ዎልቨሪን ነው።

መልስ 2፦ ከዚያ የዚሁኑ ኮሚክ ቁጥር 199 አንብብ። ቡድኗን ይዛ ለመንግሥት ትገባና የመጀመሪያ ሥራዋ ማግኔቶን መያዝ ይሆናል! የመጀመሪያዎቹ 3 ፊልሞች ግን የእሱ ታዛዥ አደረጓት፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው።

መልስ 3፦ ከአለባበሷም (በኮሚኩ ነጭ ቀሚስና የራስ ቅል ያለበት ቀበቶ፣ በፊልሙ ቅርፊት ብቻ) በላይ የጎደለው ቤተሰቧ ነው። የሕይወት አጋሯ የወደፊቱን የምታየው ዴስቲኒ ናት፤ የኤክስ-ሜኗን ሮግን ያሳደጓት ሁለቱ ናቸው። ሌላው የኤክስ-ሜን አባል ናይትክራውለርም ልጇ ነው፤ በ2003ቱ ፊልም ግን ፊት ለፊት እያወሩ ዝምድናቸው አይነሳም። የ2023ቱን ኤክስ-ሜን ብሉ፦ ኦሪጅንስ የተባለውን ኮሚክ መጨረሻ ላይ አቆየው። የናይትክራውለርን አወላለድ ከሥሩ ስለሚቀይረው፣ የድሮውን ሳታውቅ ካነበብከው ክብደቱ አይሰማህም።