አዋሽ~ እና #አዋሽ#፦ የአባቴ ቃል ያለው በየትኛው ነው?

የባቡረኛው ልጅ (ለገሃር)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ነው። አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ መጻፍ አይችሉም። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሲቀርብ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከቤታችን መስኮት የአሮጌው ጣቢያ ጣሪያ ስለሚታይ አንዳንዴ ንግግራቸውን አቋርጠው ወደዚያ ያያሉ፤ እኔም እጄን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፍኩ እጠብቃለሁ።

ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስለ አዋሽ ጣቢያ ነገሩኝ። እንደዚያ አውርተው አያውቁም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ባትሪ የለውም። ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጥኩት እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ንግግራቸውን ላለማቋረጥ ብዬ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላስቀመጥኩም። መብራት ሲመጣ ፋይሉን ከፈትኩት፤ ያለው የእኩለ ቀኑ ብቻ ነው። ከግርጌ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሳላነበው አመለጠኝ።

ፎልደሩ ውስጥ ግን ሦስት ፋይሎች አሉ፦ አዋሽ፣ አዋሽ~ እና #አዋሽ#። መጀመሪያ ቆሻሻ መስለውኝ ልሰርዛቸው ነበር። አዋሽ~ን ብከፍተው የዓርቡን ጽሑፍ አገኘሁ። ከቅዳሜ ወዲህ ሃያ ጊዜ ያህል አስቀምጫለሁ፤ ታዲያ ይህ መጠባበቂያ ቅጂ ከሆነ እንዴት ዓርብ ላይ ቀረ? ሦስተኛውን ለመንካት ፈርቻለሁ። አባቴን ድገሙልኝ ማለት አልችልም፤ ሲደግሙት ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ሰዓሊው (ሜክሲኮ)

እኅቴ፣ ምንም እንዳትሰርዢ! በዚያ ፋይል ላይም አዲስ ነገር እንዳትጽፊ። መጻፍ ከጀመርሽ ኢማክስ #አዋሽ#ን በአዲሱ ይተካዋል። በመጀመሪያ ሦስቱንም ፋይሎች ፍላሽ ላይ ገልብጫቸው።

አራሚው (ፒያሳ)

የሰዓሊው ምክር ትክክል ነው፤ ቅጂው ይቅደም። ከዚያ አዋሽን ይክፈቱና አልትን ከኤክስ ጋር ተጭነው «ሪከቨር-ዚስ-ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ሰረዝ እያደረጉ ይጻፉ። ያመለጠዎት መስመርም ይህንኑ የሚመክር ነበር። ኢማክስ የአዋሽንና የ#አዋሽ#ን ቀንና መጠን አሳይቶ ይጠይቅዎታል፤ ሙሉውን «የስ» ብለው ይመልሱ። የሚመለሰው ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛ መሆኑን በዓይንዎ አይተው ወዲያውኑ ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ዓርቡ ጉዳይ። ከፒያሳ ማተሚያ ቤት ለሚወጡ መጻሕፍት እርማት ስሠራ እኔም ይህን ባለማወቄ ሁለት ምዕራፍ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ~ ያለበት ፋይል በየማስቀመጡ አይሠራም። ፋይሉን ከፍተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስቀምጡ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ኢማክስ ዲስኩ ላይ የነበረውን አሮጌ ፋይል ስሙን ቀይሮ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢያስቀምጡ መጠባበቂያው አይነካም። ኮምፒውተሩን ማታ ማታ ያስተኙታል እንጂ አያጠፉትም ብዬ እገምታለሁ። ቅዳሜ የከፈቱት ኢማክስ እስከ ትናንት ሳይዘጋ ስለ ቆየ መጠባበቂያው ዓርብ ላይ ቀረ። ጉድለት አይደለም፤ ዓላማው ሥራውን ስንጀምር ወደ ነበረበት መመለስ እንድንችል ነው።

#አዋሽ# ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የሚጻፈው እርስዎ ባያስቀምጡም ነው፦ 300 ያህል ቁልፍ ሲመታ፣ ወይም እጅዎ 30 ሴኮንድ ያህል ሲያርፍ። አባትዎ ወደ ጣቢያው ጣሪያ ሲመለከቱ እርስዎ እጅዎን አሳርፈው የሚጠብቁባት ጊዜ ማለት ነው። ተስፋ የማደርገው በዚያች ጊዜ ነው።

ለወደፊቱ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በኢማክስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ቨርዥን-ኮንትሮል» የሚለውን «ቲ» ያድርጉት፤ ያን ጊዜ መጠባበቂያዎቹ አዋሽ.~1~፣ አዋሽ.~2~ እየተባሉ ይቆጠራሉ። ነገር ግን ካልነገሩት በቀር የሚያቆየው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ከመጨረሻዎቹም ሁለት ብቻ ነው፤ የመካከሉን ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የአባት ቃል ላለበት ፋይል ይህ በጣም ትንሽ ነው። «ኬፕት-ኒው-ቨርዥንስ» የሚለውን 20 ያድርጉት። ሁለተኛ፣ አንድ ታሪክ ባለቀ ቁጥር ኮንትሮል-ዩን ሁለት ጊዜ መትተው ኮንትሮል-ኤክስ ኮንትሮል-ኤስ ይበሉ፤ ከዚህ በፊት የተቀመጠው ቅጂ በዚያው መጠባበቂያ ይሆናል፣ ኢማክስን መዝጋት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አድርገውም ቅጂዎቹ ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከተበላሸ አብረው ይሄዳሉና ፍላሹን አይተዉት።

አመል (ካዛንቺስ)

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሰነዶቼን በጊት፣ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ መያዝ ከጀመርኩ በኋላ ~ ያለባቸው ፋይሎች ጠፉብኝ። ኢማክስ በጊት ለሚያዝ ፋይል፣ ካላዘዙት በቀር፣ መጠባበቂያ አይሠራም፤ ታሪኩ በጊት ውስጥ አለ ብሎ ያምናል። እኔ ግን ለሳምንት ምንም ለውጥ ወደ ጊት ሳላስገባ ቆይቼ ነበር። ወደ ጊት የምትሄጂ ከሆነ በየዕለቱ አስገቢ።

የባቡረኛው ልጅ (ለገሃር)

ተመለሰ! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አራሚው እንዳሉት ኮምፒውተሩን አስተኝቼው ነበር። ጽሑፉ የተቆረጠው «ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ ውኃ የምትሸጠው ልጅ ስሜን» በሚለው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋው ቢበዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

የተመለሰውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ስሜን» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ስሜን ጠርታ ዕዳዬን ሳልከፍል እንዳልሄድ በመስኮት ያዘችኝ» አሉ። ትናንት የነገሩኝም ይኸው ነበር። ጻፍኩና ኮንትሮል-ዩን ሁለት ጊዜ መትቼ አስቀመጥኩ። ፎልደሩ ውስጥ አሁን አዋሽ.~3~ አለ፤ ፍላሹ ደግሞ በእናቴ መሳቢያ ውስጥ ነው።